ሽማግሌ የተላከባት ሐኪም

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ እትዬ ሶሊያና በመጋረጃው አጮልቀው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ደጅ የቆሙት ነጭ ጋቢ የደረቡ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንደኛው ትንሽ ጥቁር ትራስ የመሰለ ነገር በብብቱ ይዟል። ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ጋቢ፣ ሽማግሌ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ናቲ! ተነስ፣ ሱሪ ቀይር! መጡ!»

«እነማን?» አሉ ጋሽ ናታን ከሶፋው ሳይነሱ።

«ሽማግሌዎች ናቸዋ! የልጅቱ ቀን ደረሰ!»

ጋሽ ናታን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሱሪ የሚቀይሩት የእድር ስብሰባ ሲኖር ብቻ ነው። የሠፈሩ እድር ዳኛ ናቸውና በፒጃማ ፍርድ አይሰጡም። ዛሬ ግን ሳይከራከሩ ተነሱ። ልጃቸው የሺመቤት ጫጫታውን ሰምታ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ከመኝታ ቤቷ ብቅ ስትል እናቷ በሁለት እጃቸው መልሰው ገፏት።

«ግቢ! እንዲህ ሆነሽ ካዩሽማ ከደጅ ነው የሚመለሱት።»

በዚያ ዘመን የስም ነገር ተገልብጦ ነበር። ሶሊያና፣ ናታን፣ ኪሩቤል የሚባሉት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽር የሚፈልጉ አዛውንቶች ናቸው፤ ወጣቶቹ ደግሞ የሺመቤት፣ ማንያዘዋል፣ ተዋበች ይባላሉ። ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ማን እናት ማን ልጅ እንደሆነ ግራ እንዳይገባው ከአሁኑ ቢያውቀው ይሻላል።

እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ። ደብረ ብርሃን በሰኔ እንደምትበርደው ትበርዳለች፤ እትዬ ሶሊያና ሻይና ቆሎ አቀረቡ። ጥቁሩን ትራስ ሽማግሌዎቹ በመካከላቸው አስቀምጠው በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈን አደረጉት።

«ቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ?» አለ ትራሱ፤ በሽማግሌ ድምፅ፣ ትንሽ ጎርነን ብሎ።

«ሦስተኛው ሽማግሌያችን ናቸው» አሉ ትልቁ እንግዳ፣ አቶ ኪሩቤል። «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የመጡት።»

ትራሱ የሚናገር ማሽን መሆኑ ለጊዜው ቢያስደነግጣቸውም ለእትዬ ሶሊያና እንግዳ እንግዳ ነው። ከትራሱ ፊት ቆሎ አስቀመጡ። «ይቅመሱ እንጂ!»

«ኧረ በሞቴ አይድከሙ። በልተን ጠጥተን ነው የመጣነው» አለ ትራሱ።

«እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» አሉ እትዬ ሶሊያና ለባላቸው በሹክሹክታ።

አቶ ኪሩቤል ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የመጣነው ለመልካም ጉዳይ ነው። ልጃችሁ ዶክተር የሺመቤት በትምህርቷም በጠባይዋም የተመሰገነች መሆኗን ሰምተናል። ትምህርቷንም በዚህ ወር ትጨርሳለች። ስለዚህ ልጃችሁን…» እትዬ ሶሊያና እልል ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። «…ለጽናት ጤና ኩባንያ እንድትሰጡን ነው።»

እልልታው ጉሮሮ ላይ ቀረ። «ለኩባንያ?»

በእርግጥ ነገሩ አዲስ አልነበረም። በእጁ ሰው መርምሮ የሚያውቅ ሐኪም በየዓመቱ በጣት የሚቆጠር ሆኖ ከቀረ ወዲህ ቀጣሪዎች ተምረዋል። ማስታወቂያ ቢያወጡ የሚመጣ የለም፤ ለሐኪሟ ቢደውሉላት «ቤተሰብ ላማክር» ትላለች። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ቤተሰቡ መሄድ ጀመሩ። ሽማግሌ አከራይ ድርጅት ተከፈተ፤ ጋቢው በኪራዩ ውስጥ ነው። እትዬ ሶሊያናም ይህን ከጎረቤት ሰምተው ነበር፤ ግን እናት ናቸው፣ ተስፋ አይቆርጡም።

አቶ ኪሩቤል ወደ ጋሽ ናታን ጆሮ ጠጋ ብለው ደመወዙን ነገሯቸው። ጋሽ ናታን «እንደገና ይበሉት» አሉ። እንደገና ተነገራቸው። ሻያቸውን አነሱና ሳይጠጡ አስቀመጡት። ቁጥሩን እዚህ ማስፈር ለአንባቢ ጤና ጥሩ አይሆንም።

«ሥራውስ?» አሉ ድምፃቸው ሲመለስ።

«አጽናኝ ሐኪም ነው» አለ ትራሱ በትሕትና። «ለቅሶ መድረስ።»

ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማች። ባለጉዳይዋ እሷ ብትሆንም እንደ ባህሉ ብቅ ማለት አትችልም።

ጋሽ ናታንም እንደ ወጉ መለሱ። «ልጅቷ ገና ናት። ዘመድ እናማክር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብትመለሱ።»

ትራሱ «የሚገባ ነው» አለ።

ሰውን የሚመረምሩት መስታወቶች ከመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በየፋርማሲው በር፣ በየታክሲ ተራው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አጥር ሥር ተተክለዋል። ሰው ጠዋት ሲያልፍ ፊታቸው ይቆማል። መስታወቱ ዓይኑን አይቶ፣ ትንፋሹን አሽትቶ «እንደምን አደሩ? የሚያምዎት ነገር ይኖር ይሆን?» ይላል፤ መድኃኒት ካስፈለገ ከሥሩ ባለው ቀዳዳ ያወጣል። ከውጭ እንደመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ትንሽ ባለጌ ነበር፤ ሰውን «ይዋሻሉ» እስከማለት ይደርስ ነበር አሉ። ሕዝቡ ተቆጣ። መስታወቱን የተከለው ጽናት ጤና ኩባንያም አስተካከለው፤ ባህል አክባሪ፣ የሰው ቃል የማያስተባብል፣ አሳምሮ የሚያመሰግን አደረገው።

እትዬ ሶሊያና ከዚህ መስታወት ጋር ልዩ ፍቅር አላቸው። በየማለዳው ከዳቦ ቤት ሲመለሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቱ ይቆማሉ።

«እንደምን አደሩ እትዬ ሶሊያና? የሚያምዎት ነገር ይኖር ይሆን?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ?»

«እኔም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቤት ሲገቡ ለልጃቸው ይናገራሉ፤ «መስታወቱ ደህና ነሽ ብሎኛል።» የሺመቤት እጃቸውን ልትይዝ ስትዘረጋ ይሸሻሉ። «ተይኝ እባክሽ! እጅሽ ይቀዘቅዛል።»

መስታወቱ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ተሳስቶ ሰው ሲሞት ግን ከኩባንያው የሚመጣ የለም። ለሕዝቡ ከሞቱ ይልቅ ይህ ከበደው። ያከመው ለቅሶ አልደረሰም! ቀብር አልወጣም! ድንኳን ገብቶ አንገቱን አልደፋም! ቂሙ እየከረረ ሄዶ መንግሥት ደንብ አወጣ፤ መስታወቱ ያየው ሰው ሲሞት የኩባንያው ሐኪም በአካል ተገኝቶ ያጽናና ተባለ። እንግዲህ ከሁሉ የላቀ ደመወዝ የሚከፈለው ሐኪም በዚህ ምክንያት ለቅሶ ደራሹ ሆነ።

የሺመቤት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር የተማረችው። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ለመሆን ያሳለፈቻቸው ዓመታት የእጅ ዓመታት ነበሩ፤ ይህም የሆነው የድሮውን ሥርዓተ ትምህርት መሰረዝ ያለበት ሰው ስለረሳው ነው። ሸምገል ያሉት መምህሯ ዶክተር ኢዮስያስ ዓይኗን አስጨፍነው ሆድ ያስዳስሷት ነበር። «ዓይን ይቸኩላል፣ እጅ ይታገሣል» ይሏታል። ጉበት የት እንደሚያልቅ፣ ጣት ሲመታ ደረት የት ድምፁ እንደሚደፈን፣ የእጅ አንጓ ላይ ልብ እንዴት እንደሚደናቀፍ ጣቶቿ ያውቃሉ። ያስፈራት አንድ ነገር ነበር። ከሰኔ በኋላ እነዚህ ጣቶች ሰው ላይነኩ ነው። መምህሯ ሥራ የፈታ እጅ በአንድ ክረምት ሁሉንም እንደሚረሳ ነግረዋታል፤ እሳቸው ደግሞ በዚህ ጉዳይ አይቀልዱም።

በማግስቱ እሁድ ሌሎች ሁለት ጠያቂዎች መጡ። አንደኛው አቶ ዮናታን የሚባሉ የውሃ ነጋዴ ናቸው፤ ሽማግሌዎቻቸው ሙክት እየጎተቱ ገቡ። ሥራው ቀላል ነው። ሐኪሟ በየጠዋቱ እንግዶች ባሉበት በአቶ ዮናታን ግንባር ላይ እጇን ታደርጋለች፤ «ትኩሳት የለብዎትም» ትላለች። ሠርግ ሲጠሩም አብራ ትሄዳለች። በሰው እጅ መታከም በዚያ ዘመን ትልቅ ቤት ከመሥራት የበለጠ ያስከብር ነበር።

ሌላኛው የመንግሥት ሆስፒታል ነበር። በስልክ አጭር መልእክት ላከ። ሐኪሟ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ መስታወቱ የጻፈውን እያየች «አይቻለሁ» የሚል ቁልፍ ትጫናለች።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ለምክክር ተቀመጠ። እትዬ ሶሊያና ባል እንደሚመርጡ ሆነው ጀመሩ።

«መንግሥትን ተዪው። ሽማግሌ ያልላከ! በቴክስት ልጅ ይጠየቃል እንዴ? ነገ ደግሞ በቴክስት ይፈታሻል።»

«ሥራ ነው እኮ ሶልዬ» አሉ ጋሽ ናታን።

«ባል ቢሆን እንዲያውም ይሻል ነበር። ዮናታን ሙክት ልኳል። ጨዋ ቤተሰብ ነው፣ ግቢውም ሰፊ ነው።»

«ሰው አያስነኩኝም እማዬ» አለች የሺመቤት። «ሦስቱም ሰው አያስነኩኝም።»

«ዮናታን ግንባሩን ያስነካሽ የለ?»

«አንድ ግንባር ነው እኮ! ለዚያውም ትኩሳት የለበትም።»

ጋሽ ናታን ሳቃቸው አመለጣቸው። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እናቷ ይህን ሲያዩ ደነገጡ። ድንጋጤያቸውን እንደ ልማዳቸው በቁጣ ሸፈኑት። «ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው? ሰው የሚነካ ሥራ የት አለ? ፀጉር ሠሪ ትሆኛለሽ?»



ጽናት ጤና ለእጩዎቹ የሙከራ ቀን ይሰጣል። ረቡዕ ዕለት የሺመቤት ከኩባንያው ነባር አጽናኝ ከዶክተር ማንያዘዋል ጋር ወደ አንድ የለቅሶ ቤት ሄደች። ማንያዘዋል ደልደል ያለ፣ ለቅሶ ቤት ምግብ የተስማማው ሰው ነው። መንገድ ላይ ሲቀልድ ሄደ፤ ድንኳኑ ሲታይ ፊቱ ወረደ። መጋረጃ እንደሚወርድ ነው የወረደው።

«ነጭ ጓንት አድርጊ» አላት። «ከሀዘንተኛው ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ፣ ጎንበስ በይ። 'ጽናቱን ይስጣችሁ' ትያለሽ። መንካት የለም። የነካሽው ሰው ነገ ቢታመም 'ሐኪሟ አይታኝ ነበር' ብሎ ይከሰናል።»

ሟቹ ገና ጎልማሳ የሆነ ልብስ ሰፊ ነበር። ሚስቱ አልጮኸችም። እያየቻቸው ቀስ ብላ ተናገረች። «በየጠዋቱ ደህና ነኝ ይለው ነበር። መስታወቱን ነው የምላችሁ። ለእኔም እንደዚያው ይለኝ ነበር። ማታ ማታ ሆዱን ይዞ ይቀመጣል፤ ምን ሆንክ ስለው ደህና ነኝ ይላል።»

ማንያዘዋል ጎንበስ አለ፤ አንድ እንባ፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ በጉንጩ ወረደ። የሺመቤት ግን የሚባለው ሁሉ ጠፋት። ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት የሟቹ አክስት ነበሩ። እያለቀሱ፣ ማንነቷንም ሳያጣሩ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ሙቀታቸው በጓንቱ ውስጥ አለፈ። የሺመቤት ጓንቱን አወለቀች። መዳፋቸው ያተኩሳል፣ በላብ ርሷል፣ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ጣቶቿ ወደ አንጓቸው ሾልከው ሄዱ። ልባቸው ይሮጣል፤ ይሮጥና ይደናቀፋል።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ደግማ አልጠየቀችም። ዓይኗን ጨፍና በሌላው እጇ በነጠላቸው ሥር አንገታቸውን ዳሰሰች። እንቅርቱ እዚያው ነበር፤ በነጠላው ተሸፍኖ ስንት ማለዳ መስታወቱን አልፏል።

ቀና ስትል ድንኳኑ ሁሉ እጇን ያያል። ፊት ለፊቷ የነበረ ሰውዬ ቀስ ብሎ ጠጋ አለና እጁን ዘረጋላት፤ ሰላምታ ይሁን ሌላ አልተናገረም። ከኋላው ሌላ ተነሣ።

«ለቅሶ ነው እኮ ያለነው!» አለ ማንያዘዋል ጥርሱን ነክሶ፣ ክንዷን እየሳበ።

የሺመቤት አሮጊቷን ወደ ዶክተር ኢዮስያስ ከላከች በኋላ ተመለሱ። መኪናው ውስጥ ማንያዘዋል አልቀለደም። ቆይቶ ጓንቱን አወለቀና እጆቹን ገልብጦ አሳያት፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሕፃን እጅ የመሰሉ ነበሩ።

«እኔም ስጀምር ያሳክከኝ ነበር። ሰው ሳይ እጄ ራሱ ይሄድ ነበር። አሁን ትቶኛል» አላት። የሺመቤት የራሷን እጆች ብብቷ ሥር ደበቀቻቸው።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። የረቡዕን ነገር ሰምተዋል፤ አቶ ኪሩቤል ቆሎውን ሳይነኩ ነገሩን አነሱ።

«ልጃችን ለሥራው ትሆናለች። ሀዘኗ የልብ ነው ተብሏል። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ… እጇን መሰብሰብ አለባት።»

«መንካት ያስጠይቃል» አለ ትራሱ በሐዘኔታ።

ጋሽ ናታን ሻያቸውን አስቀመጡ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ጋሽ ናታን በዚያች ሰዓት ስለ ሕክምናም፣ ስለ ልጃቸው እጅም አላሰቡም። ያሰቡት ስለ እድሩ አባላት ነበር። ልጃቸው ከሠፈሩ በአንዱ ድንኳን ገብታ እንደ ሹም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ርቃ ስትቆም፣ ከዚያም ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እሳቸውን ሲያይ ታያቸው። 

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የእኔ ልጅ ለቅሶ ቤት ገብታ የሀዘንተኛ እጅ ሳትይዝ ትወጣለች ነው የምትሉኝ? ሳታቅፍ? ሳትስም? ሰው ምን ይላል? የእድር ዳኛ ልጅ አይደለችም እንዴ? ይኼ ነውር ነው!»

ትራሱ ዝም አለ። ሰውም ይሁን ዕቃ፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር። ባህል እንዳይነካ ተደርጎ የተሠራ ነገር ነው፤ «ነውር» የሚለው ቃል በውስጡ ካለው ሁሉ በላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ትራሱ፣ እትዬ ሶሊያና ወደ ባላቸው ያያሉ።

«ልክ ብለዋል ጋሽ ናታን» አለ በመጨረሻ። «ነውር ነው። ውሉ ይስተካከላል። ሐኪሟ በለቅሶ ቤት እንደ ባህሉ መጨበጥ፣ ማቀፍ፣ መሳም ትችላለች። እጅ የሚያዘው እስከ መቼ ነው?»

«ሀዘንተኛው እስኪለቅ ነዋ!»

«ሀዘንተኛ የሚባለው ማን ነው?»

«ድንኳን የገባ ሁሉ ሀዘንተኛ ነው። ይኼም ይጠየቃል?»

ከመጋረጃው ጀርባ የሺመቤት ይህን ሁሉ ሰማች። አባቷ ምን እንዳደረጉ እሳቸው አላወቁም፤ እሷ ግን አውቃለች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣች።

«እሺ በላቸው አባዬ!»

«ዋይ! የምን ቅብጠት ነው!» አሉ እትዬ ሶሊያና ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው። «ደግሞ አፏን ሞልታ እሺ ትላለች!»

እንዲህ ሆኖ የሺመቤት ከፍተኛውን ደመወዝ መረጠች። መምህሯ ዶክተር ኢዮስያስ ሲሰሙ አዘኑ፤ አብረዋት የተማሩት ቀኑባት። ሁለቱም ወገን ነገሩ አልገባቸውም።

በክረምቱ ሥራዋን ጀመረች። ድንኳን ትገባለች፣ ከሟቹ ቤተሰብ ጋር የልቧን ታለቅሳለች፤ ከዚያ ፍራሹ ጫፍ ላይ ትቀመጥና እጇን ትዘረጋለች። መጀመሪያ ዘመድ መጣ፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የጎረቤት ጎረቤት። እጅ ትይዛለች፣ ታቅፋለች፤ ስታቅፍ ጆሮዋ ከጀርባቸው ላይ ትንሽ ይቆያል። ማንንም «እንዴት ነዎት» አትልም። ያገኘችባቸውን በጆሯቸው ሹክ ብላ ወደ ሆስፒታል ትልካቸዋለች። ሰዎቹ እያለቀሱ ይገቡና እያመሰገኑ ይወጣሉ። አንድ ሰውዬ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ዋይ ዋይ እያለ ገብቶ፣ ተዳስሶ ሲያበቃ «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» ብሎ ጠይቋል።

ኩባንያው በጣም ተደሰተ። የእሷን ያህል ሰው የሚያጽናና አልተገኘም፤ የእንባ ቅርጽ ያለው የመስታወት ዋንጫ ሸለማት። እትዬ ሶሊያና ዋንጫውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጡት።

ዓመቱ ሲጋመስ ግን የጥሪው ቁጥር መቀነስ ጀመረ። በከተማዋ የሚሞት ሰው አነሰ። ኩባንያው መስታወቱ ተሻሽሏል ብሎ ግብዣ አደረገ። የሺመቤት ምክንያቱን ብታውቅም አልተናገረችም። ሳምንት ያለ ለቅሶ አለፈ፤ ሌላም ሳምንት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ነገር ግን ስልኳን ደጋግማ እንደምታይ ለራሷ ታወቃትና አፈረች። ከድንኳን ውጭ ሰው መንካት ውሉ ይከለክላታል። መንገድ ላይ ሰዎች ያስቆሟታል።

«ዶክተር፣ ድንኳን የለም እንዴ?»

«የለም። ማንም አልሞተም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏታል ፊታቸው ጠቁሮ፣ ይሄዳሉ።

ያሳክካት የነበረው እጇ ማሳከኩን እየቀነሰ መጣ። ማንያዘዋል ገልብጦ ያሳያት እጅ በየጠዋቱ ትዝ ይላታል።

አንድ እሁድ አባቷ ደወሉ። ድምፃቸው የእድር ዳኛ ድምፅ ነበር።

«ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ነይ።»

«ማን ነው አባዬ? አባዬ!»

ስልኩ ተዘግቷል። ከሠፈሩ በኩል የእድሩ ድሮን እየዞረ ጡሩንባ ሲነፋ ይሰማል። የሺመቤት ሮጠች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ድንኳኑን አየችው፤ የተተከለው በራሳቸው በር ላይ ነው። ትናንት ጠዋት እናቷ ደረጃውን ወጥተው በሩን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ አይታቸዋለች። «መስታወቱ ደህና ነሽ ብሎኛል» አሏት፤ እሷም ውሉ ትዝ ብሏት እጇን ሳትዘረጋ ወጣች። የገዛ እናቷን! እየጮኸች ድንኳኑ ውስጥ ገባች።

የእድሩ አባል ሁሉ በአግዳሚው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አባቷ ምሰሶው ሥር ቆመዋል። እትዬ ሶሊያና ጥቁር ለብሰው በሀዘንተኛው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ በሕይወት።

«ማን ሞተ?» አለች የሺመቤት። «ማን ነው የሞተው?»

ጋሽ ናታን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእድሩ ደንብ ድንኳን ያለ ሟች አይተከልም ይላል። እኔም በዚህ ደንብ ስንቱን ቀጥቻለሁ። ዛሬ ራሴን ቀጣሁና ተከልኩት። ያንቺ ውል ግን ድንኳን እንጂ ሟች አይልም።»

«ማን ሞተ እኮ ነው የምለው!»

«እስካሁን ማንም» አሉ እትዬ ሶሊያና።

የሺመቤት ፍራሹ ላይ ወደቀች። «ልቤ ሊቆም ነበር! እንዲህ ይቀለዳል?» እያለች እናቷን በጡጫ መታች፣ አቀፈች፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለዋንጫውም ለደመወዙም እንዲህ አልቅሳ አታውቅም። እናቷ ጀርባዋን እየዳበሱ ቆዩ፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና እጃቸውን ጭኗ ላይ አደረጉላት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር…» ብለው በልማድ ጀመሩና አቆሙ። ድንኳኑ ሁሉ ያያቸዋል። በዚያ ሠፈር እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት የተናገረ አልነበረም።

«ደህና አይደለሁም የሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ከፋሲካ ወዲህ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል።»

ከኋላ አግዳሚ አንድ ሰው ሳል አለና «እኔም ደህና አይደለሁም» አለ። «እኔም» አለች አንዲት ሴት። ከምሰሶው ሥር ጋሽ ናታን መሬት መሬት እያዩ አንድ ነገር አጉተመተሙ።

የሺመቤት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። የእናቷን አንጓ ያዘች፣ ዓይኗን ጨፈነችና መቁጠር ጀመረች።